ለስላሳ እግር ለሻካራ አገር

መኪናችን ተንበረከከች። "ተበላሸች" አላልንም፤ ተንበረከከች ነው ያልነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ መውረድ እንደጀመርን፣ የቀኝ የፊት ጎማዋ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ አፍንጫዋ መሬት ነካ፣ እንደ ግመል ጉልበቷን አጥፋ ቁጭ አለች። ጊዜው የ2011 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። እኛ አራት የአዲስ አበባ ልጆች፣ አራት ጋቢ፣ ሁለት ካሜራ እና በጣም ብዙ በራስ መተማመን ይዘን ነበር።

ሹፌራችን ወረደ። ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም አልተናገረም። (የሹፌር ዝምታ ከስድቡ ይከፋል፤ ብዙ መንገድ የሄደ ያውቀዋል።) ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ ጫፍ ላይ ያለው ቦል ጆይንት ከመቀመጫው ወጥቷል። እንቁላል የምታህል ነገር ናት። እሷ ስትወጣ አንድ ቶን ተኩል የሚሆን መኪና ከነክብሩ ተዘረጋ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስንንቀጠቀጥ (የጋሸናን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል) አንድ አይሱዙ ከታች እያቃሰተ ብቅ አለ። እህል ጭኗል። በእህሉ ላይ ሰው ጭኗል። በሰዎቹ መካከል ሁለት በግ ቆሟል። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት አየንና "አይዟችሁ! የሷ እግር ለስላሳ ነው፣ ለአስፋልት ነው የተሠራች" ብሎን አለፈ። ስድብ ይሁን ማጽናኛ እስከ ዛሬ አልለየንም።

መኪናዋን አስጎትተን ጋሸና መለስናት። እዚያ ያገኘናቸው መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ እጃቸው በዘይት የጠቆረ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ ዞሯት።

"ልጆቼ፣ ይቺ መኪና የማን ናት?"

"የሹፌራችን ናት ጋሼ። የሚተዳደርባት።"

"እንግዲያማ ይኼን ሁሉ ቆርጦ ይጣልና ድፍን አክስል ከነባሌስትራው ያስገባላት። ያኔ ትኖርለታለች።"

ሳቅን። ማን ነው በዚህ ዘመን መኪናውን ወደ ኋላ የሚያስኬድ? ከዚያ የተሰበረው ዕቃ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ፣ ተገዝቶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪመጣ ሦስት ቀን ጠበቅን። ገናን ከቤተ ማርያም ፊት ሳይሆን ጋሸና ሻይ ቤት ውስጥ አከበርን። በሦስተኛው ቀን መሳቁን ተውነው።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የምንከፍለው ካሳ ነው።

ነገሩ ለማያውቅ አንባቢ ይብራራ፤ የሚያውቅ ጥቂት አንቀጽ ይዝለል። መኪና የፊት ጎማዎቿን የምትይዝባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ቀንበር ነው። የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን አስቡ። አንዱ ጉብታ ላይ ሲወጣ ቀንበሩ ያጋድላል፣ ሌላውም ይሰማዋል፣ ግን አይለያዩም። ድፍን አክስል ይኸው ነው፤ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የሚዘረጋ አንድ ወፍራም ብረት። ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ባሌስትራ ሲሆን ባሌስትራው ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። የመንገዱን ምት ይቀበላል፤ አክስሉም ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ ጠፍሮ ይይዛል። ሌላ ክንድ፣ ሌላ ማገር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት በቅሎ ነው። እያንዳንዷ የራሷን ጭነት ይዛ በራሷ መንገድ ትራመዳለች። የግራው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ቀኙ አይሰማውም፤ የተሳፋሪውም ቡና አይደፋም። ለዚህ ምቾት ግን ለእያንዳንዱ ጎማ የላይና የታች ክንድ፣ በየጫፉ ቦል ጆይንት፣ በየመገጣጠሚያው ጎማ የለበሰ ቡሽ፣ ኃይል ለማድረስ ደግሞ በየጎኑ ሲቪ ጆይንት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ፒክአፖች ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ቶርሽን ባር የሚባል ተጠምዛዥ ዘንግ ነው። አስፋልት ላይ ይህ ሁሉ ተስማምቶ ይዘምራል። የላስታ ድንጋይ ላይ ግን አንዷ ስትሰበር ሌሎቹ ሊሸከሙላት አይችሉም።

ከዚህም የባሰ አለ። ለየብቻ የሚራመድ እግር ላይ ጎማዎቹ ምት ሲቀበሉ የመኪናዋ ሆድ፣ ከነዲፈረንሻሉ፣ ወደ መሬት ይወርዳል። ልክ ድንጋዩ ከፍ ባለበት ሰዓት መኪናዋ ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ድፍን አክስል ላይ ግን ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር አብሮ ስለሚወጣ ከመሬት ያለው ርቀት አይቀንስም። አንዱን ጎማ ድንጋይ ወደ ላይ ሲገፋው አክስሉ ሌላውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ስለዚህ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ አይሽከረከርም። ቁልቁለት ላይ፣ ጠርዝ አጠገብ፣ አራቱም ጎማ መሬት መንካቱ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ይህ እግር ወዴት ሄደ? እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው ዊሊስ ጂፕ፣ በ1948 የወጣው ላንድሮቨር፣ በ1960 የጀመረው የላንድክሩዘር 40 ተከታታይ፣ በደርግ ጊዜ ጦሩና ካድሬው የተመላለሰበት የሶቪየቱ ዋዝ… ሁሉም ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስልና ባሌስትራ ነበሩ። ከዚያ ገበያው ተቀየረ። በካሊፎርኒያ ያለ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ጂፕ መግዛት ጀመረ፤ ወገቤን አመመኝ አለ፤ ፋብሪካዎቹም ሰሙት። ላንድሮቨር በ1983 ወደ ሞላ ዞረ። ሃይሉክስ በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የፊት ድፍን አክስሉን ተወ። በ1998 የመጣው ላንድክሩዘር 100 በአብዛኛው ያለ ድፍን የፊት አክስል መጣ፤ በ2007 የተከተለው፣ እኛ "ቪ8" እያልን የምንሰግድለት፣ ጨርሶ ተገላገለው።

የካሊፎርኒያው ሰው ጥፋት የለበትም። ለመንገዱ የሚስማማውን ጠየቀ፣ ተሠራለት። ጥፋቱ የእኛ ነው። እሱ ለራሱ መንገድ የጠየቀውን እኛ ለጋሸና መንገድ ገዛን። መግዛታችን ሳያንስ ሥልጣኔ ብለን ጠራነው። ባሌስትራ ያለበትን መኪና "የጭነት"፣ "የባላገር"፣ "አንጀት የሚያላውስ" እያልን ተሳለቅንበት። በከተማችን አንድ መኪና የሚመዘነው በውስጡ የተቀመጠው ሰው ምን ያህል አልተነቃነቀም በሚል ነው። ሹም ሲሾም የሚሰጠው ለስላሳ መኪና ነው፤ መንገዱ እንዳይሰማው። (መንገዱ የማይሰማው ሰው ስለ መንገድ ሲወስን ደግሞ ውጤቱን ሁላችንም እንነዳበታለን።)

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። የወረዳ አምቡላንስ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ያ ረጅሙ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው። ከፊቱ ድፍን አክስል አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከፊት ባሌስትራው በሞላ ተተካ እንጂ አክስሉ አልተነካም፣ ከኋላም ባሌስትራው አለ። ምጥ የያዛትን እናት ከቀበሌ አውጥቶ ሆስፒታል ማድረስ ሲመጣ፣ ጨዋታው ሲቀር፣ አገሩ የሚያምነው ማንን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። ታዲያ በዚያው መንገድ እንጀራውን የሚጋግር ሹፌር ተመሳሳይ እግር ቢፈልግ ለምን ይሳቅበታል?

ሹፌራችን በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቆረጠ። በሁለት ትርጉሙ። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ አስገባትና እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን አየን። መጀመሪያ ሥራው ብየዳ ብቻ መስሎን ነበር። ምንኛ ተሳስተናል!

ነገሩ የሚጀምረው ከአክስሉ ነው። የዚያችው ፒክአፕ ታላቅ እህት የሆነች፣ ገና ከፊት ባሌስትራ የነበራት አሮጌ መኪና አክስል ሶማሌ ተራ ተገኘ። ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል። ስፋቱ ከኋላው አክስል ጋር ይቀራረባል ወይ? ዲፈረንሻሉ ያጋደለበት ጎን ከትራንስፈር ኬሱ መውጫ ጋር ይገጥማል ወይ? የጥርሱ ቁጥር ከኋላው ጋር አንድ ነው ወይ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስለቅሳል። የፊቱ 4.10፣ የኋላው 3.70 ከሆነ፣ አራቱን ጎማ ኃይል ባስገባችሁበት ቅጽበት ፊትና ኋላ የተለያየ ፍጥነት እየፈለጉ ይጓተታሉ። አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይሸሸግላችኋል፤ ደረቅ መንገድ ላይ ግን የሚሰበረው ጥርስ ነው።

ከዚያ መቁረጥ። ክንዶቹ፣ ቶርሽን ባሮቹ፣ የድሮው ዲፈረንሻል፣ እነሱ የታሰሩባቸው ጆሮዎች ሁሉ ተጠርገው ሻንሲው ራቁቱን ይቀራል። እዚያ ላይ ለባሌስትራው አዲስ መቀመጫ ይበየዳል። ባሌስትራ ሲጫን ቀጥ ይላል፣ ቀጥ ሲል ይረዝማል፤ ስለዚህ አንዱ ጫፉ ይታሰራል፣ ሌላው በማንጠልጠያ ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ ይደረጋል። ይህን የዘነጋ በያጅ ያሰራት ባሌስትራ ዓመት አትሞላም። ሻንሲው ያን ምት እንዲቀበል ተብሎ ስላልተሠራም ከውስጥም ከውጭም ወፍራም ላሜራ ይደረብለታል። የኛው ጋራዥ ይህን አላደረገም ነበር። ሹፌራችን ነው ቆሞ ያስደረበው። አለዚያ የሚሰነጠቀው ባሌስትራው ሳይሆን መኪናዋ ናት።

ከሁሉ የከበደው ግን ዓይን የማያየው ነው። የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ያለው ለምን ይመስላችኋል? እጃችሁን ብትለቁት ራሱን ወደ ቀጥታ እንዲመልስ ነው። መኪናም ይህ ዘንበል አላት፤ ካስተር ይባላል፤ ጥቂት ዲግሪ ናት። ባሌስትራውን በግምት ያሰረ ሰው አክስሉን ትንሽ ወደ ፊት ካዞረባት መሪው ራሱን መመለስ ይተዋል፤ መኪናዋ አስፋልት ላይ እንደ ሰከረ ሰው ትዋልላለች። ለዚህ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በልኩ የተፋቀ ሽብልቅ ይገባል። ሲስተካከል ደግሞ ኃይል የሚወስደው ዘንግ አንግል ይበላሻል፤ ክሮቼራው ይጮኻል። አንዱን ስታክሙ ሌላው ይታመማል። መካከሉን ማግኘት ነው ሙያው።

መሪም አለ። የድሮው የመሪ ዘንግ ለየብቻ ለሚራመዱ ጎማዎች የተሠራ ነው፤ ለቀንበሩ አይሆንም። የመሪው ሳጥን ይቀየራል ወይም ይዛወራል፤ ከእሱ ወደ አክስሉ የሚወርደው ዘንግ ደግሞ በተቻለ መጠን ጋደም ብሎ መዘርጋት አለበት። ቁልቁል ከቆመ፣ መኪናዋ ጉድጓድ በመታች ቁጥር መሪው ሳይጠየቅ ይዞራል። የላሊበላ ዳገት ላይ መሪው ሳይጠየቅ የዞረበት ሰው ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። የፍሬን ቱቦውም ይረዝማል፤ አጭር ከተተወ አክስሉ እስከ መጨረሻው በወረደ ቀን ይበጠሳል፤ አክስሉ እስከ መጨረሻው የሚወርደው ደግሞ ፍሬን በሚያስፈልጋችሁ ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው አንባቢን በብረት ለማሰልቸት አይደለም። ነገሩ ሙያ መሆኑን ለማሳየት ነው። ምክንያቱም አሁን የምንጣላው ከሁለት ወገን ጋር ነው።

አንደኛው ወገን የራሳችን ሰፈር ልጅ ነው። መኪናውን ከፍ ያደርጋታል። እንዴት? የቶርሽን ባሩን ቡሎን አጥብቆ፣ ከሞላው ሥር ቁራጭ ብረት አስገብቶ፣ ትልቅ ጎማ ገጥሞ። ክንዶቹ ወደ ታች ተንጋደው፣ ሲቪ ጆይንቶቹ ከአቅማቸው በላይ ታጥፈው፣ ቦሌ ካፌ በር ላይ ቆማ ፎቶ ትነሣለች። ጋሸናን አታውቅም፤ እንጦጦ ላይም ከአስፋልቱ አትወርድም። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ ባሌስትራን "ኋላቀር" የሚለን። ወንድማችን ሆይ፣ አንተ ቁመት ገዛህ፤ እግር አልገዛህም። ቁመቷ ያማረ፣ እግሯ የታመመ መኪና ቀለበት መንገድ ላይ በመቶ ሲሄድ ከኋላህ ያለነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ወገን ባለወንበሩ ነው። አዋጅ አለን፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002። ቦሎ ለማግኘት በየዓመቱ ምርመራ አለ። ጥሩ! ግን የፊት እግሯ ተለውጦ የመጣችን መኪና በምን ሚዛን እንመዝናት? ብየዳው በምን ይታይ? ካስተሯ ስንት ይሁን? የመሪው ዘንግ እንዴት ይፈተሽ? አውስትራሊያ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተጻፈ ደንብ አለ። የተፈቀደለት መሐንዲስ ሥዕሉን ያያል፣ ብየዳውን ያያል፣ መኪናዋ ትፈተናለች፣ ይፈርማል፤ ነገ ብትሰበር ፊርማው ይጠየቃል። እኛ ዘንድ ሹፌሩ የሚሰማው ሁለት ቃል ነው፦ "አይቻልም" ወይም "አልፏል"። "አይቻልም" ሲባል ሥራው ወደ ጨለማ፣ ወደ ርካሽ በያጅ ይሄዳል። "አልፏል" ሲባል ያ የርካሽ በያጅ ሥራ ማኅተም ያገኛል። ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

እንግዲህ መልስ የሚሰጡንን እንስማቸው። "ባሌስትራ ያንገጫግጫል።" እውነት ነው። ሹፌራችን መኪናዋን ካስለወጠ በኋላ ከደሴ እስከ ወልድያ ሄደንባት ወገባችን ለሁለት ቀን አኩርፎናል። በፍጥነት ስትነዳ መሪዋ የሚንዘፈዘፍበት ጊዜ አለ፤ ኩሽኔታ ወይም የመሪ ጫፍ ትንሽ ከላላ በተለይ። ኑሮው ከሳሪስ መገናኛ የሆነ ሰው ይህን ቢያስገጥም ሞኝ ነው። የምንከራከረው ስለ ሁሉም መኪና አይደለም፤ በዚያ መንገድ ስለሚበላ መኪና ነው።

"ሞላ አለ አይደል? ድፍን አክስል በሞላ!" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በምቾቱም ይበልጣል። ግን ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስል አይዝም። ለመያዙ ወደ ኋላ የሚሄዱ ክንዶች፣ ወደ ጎን የሚይዝ ዘንግ፣ የእነዚህም መቀመጫ ሁሉ በሚሊ ሜትር ተለክቶ መሠራት አለበት። ይህን በትክክል የሚሠራ ጋራዥ ያገኘ ይሥራ። ደግሞ ሞላ ሲሰበር ይጣላል። ባሌስትራ ግን ንብርብር ነው፤ አንዷ ብትሰበር ሌሎቹ ይዘው፣ በገመድም በብረትም ተጠፍራ፣ ቀስ ብላ ከተማ ትገባለች። ጋሸና ካልተገኘ ወልድያ፣ ወልድያ ካልተገኘ ደሴ ባሌስትራ የሚሠራ ሰው አለ፤ አይሱዙ ባለበት አገር ሁሉ አለ። በእርግጥ በከሰል አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ "ጨርሻለሁ" የሚል አለ። ያ ብረት ወይ ይለሰልሳል ወይ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ለዚያም ነው ሙያው ቴክኒክ ኮሌጅ ይግባ የምንለው። የብረቱን ሙቀት መለካት ለጋሸናው መካኒክ ቢነገራቸው በአንድ ቀን የሚይዙት ነገር ነው።

"ቆይ፣ መኪናውን ከማስተካከል መንገዱን አትሠሩም?" ይህን የሚሉን በኩራት ነው። ይሠራ! ማን ጠላ? አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በዋድላና በደላንታ አድርገው ነው፤ መድፉን ከማስጎተታቸው በፊት መንገዱን ያስቆፍሩ ነበር፤ ራሳቸውም ድንጋይ አንስተዋል። ከወልድያ በጋሸና ወደ ወረታ የሚያልፈውን ደግሞ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ቆርጠውታል፤ ስሙም "የቻይና መንገድ" ሆኖ ቀረ። መንገድ ይመጣል። ግን አስፋልት ቢመጣ የሚመጣው እስከ ላሊበላ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄደው፣ አሸተን ማርያም ሥር የሚወጣው፣ ከመቄት ቀበሌዎች እህል የሚያወጣው ምን ላይ ይነዳል? በክረምት ገደሉ የተናደ ቀንስ? መንገዱ እስኪደርስ ሰው መኖር አለበት።

ደግሞም አሁን ያለችን መኪና ያለችን መኪና ናት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን ለደሃ የማይቀመስ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ። ለአዲስ አበባ አየር መልካም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ክርክር የለንም። ለጋሸናው ሹፌር ግን ትርጉሙ አንድ ነው፦ ያለህን አጥብቀህ ያዝ። ያለውን አጥብቆ እንዲይዝ የተፈረደበት ሰው ያለውን ለመንገዱ እንዲስማማ አድርጎ የመለወጥ መብት ሊኖረው አይገባም?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ጋሸና የጦርነት ግንባር ሆነች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ቱሪስት ቀረ። ሹፌራችን እኛን መሰል ባለካሜራ ሳይሆን እህልና ሰው መጫን ጀመረ፤ ለዚያ ደግሞ የተለወጠው እግር ከድሮው ይልቅ ጠቀመው። "ያኔ ብትሰሙኝ ኖሮ ገናን ላሊበላ ታከብሩ ነበር" ብለው መካኒኩ በሱ በኩል ልከውብናል። ተገቢ ነው፤ ተቀብለናል።

የመጨረሻው ወሬ ይኸውላችሁ። መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ቀረበች፤ የት እንደሆነ አንናገርም። መርማሪው ሥሯ ገብቶ ወጣ። ብየዳውን አላየም። መሪውን አልነቀነቀም። ሊብሬውን ገለጠ፣ እንደገና ጎንበስ አለ፣ "ይኼ ሊብሬው ላይ የለም" አለ። ሹፌራችን ጋሸና ስላለው መንገድ፣ ስለ ካስተሩ፣ ስለ ተደረበው ላሜራ ሊያስረዳው ሞከረ። ወጣቱ መርማሪ በትሕትና አዳመጠው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጽፍበት ቅጽ ላይ ግን ለዚህ ነገር ሳጥን የለውም። "እንግዲህ ወንድሜ፣ የድሮውን እግር መልሰህ ግጠምና ና" አለው።

የድሮው እግር የለም። ክንዶቹ ተሽጠዋል። ሁለቱን ቶርሽን ባሮች ሹፌራችን ለጋሸናው መካኒክ ወስዶላቸው ነበር፤ ጥሩ ብረት ናቸው ብለው ጫፋቸውን አሹለው ድጅኖ አድርገዋቸዋል። ባለፈው ስንጠይቅ አንዱ ድንጋይ ሲፈነቅል እንደሚውል ነገሩን።